ድግጣ፦ በመስጂድና በቤት ግቢ የምናሳድገው አገር በቀል ባለ ቢጫ አበባ

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምንማማረው ስለ አንድ ቁጥቋጦ ነው፤ ስለ ድግጣ። በአንዳንድ አካባቢ ዝግጣ ይሉታል፤ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ጬካ በመባል ይታወቃል። ብዙዎቻችን በገጠር መንገድ ዳር፣ በጫካ ጠርዝና በአጥር ጥግ አይተነዋል፤ ነገር ግን ተክለን ልናሳድገው የሚገባ ተክል አድርገን አላሰብነውም።

ለምን አሁን? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአገር ደረጃ የችግኝ ተከላ ዘመቻ ይካሄዳል፤ እኛም በየጀመዓችን እንሳተፋለን። መትከሉ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ የሚፈተነው በጥርና በየካቲት ነው። ስለዚህ ምን እንደምንተክል፣ የት እንደምንተክልና በበጋው ማን እንደሚያጠጣው አስቀድመን እንወስን። ድግጣ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ነው። የአገራችንን ድርቅ ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ አበባው ያማረ ነው። በሌላ በኩል መርዛማ ተክል በመሆኑ ያለ ዕውቀት ከተተከለ ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱንም ጎን አብረን እንይ።

1. ድግጣ ምን ዓይነት ተክል ነው?

ድግጣ ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽምብራ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካልፑርኒያ ኦሪያ ይባላል። «ኦሪያ» በላቲን ወርቃማ ማለት ሲሆን የአበባውን ቀለም ያመለክታል። «ካልፑርኒያ» የሚለው ስም ደግሞ ካልፑርኒየስ ከተባለ የጥንት ሮማዊ ገጣሚ የተወሰደ ነው። ይህ ገጣሚ የቨርጂልን ፈለግ በመከተል ይታወቃል፤ ድግጣም «ቨርጂሊያ» የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ዛፍ ስለሚመስል ሊቃውንቱ በዚህ ስም ጠሩት።

ተክሉ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል፤ በደቡብ ሕንድም ይገኛል። በአገራችን በአብዛኛው በወይና ደጋና በደጋ መሬት፣ ከ1,500 እስከ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች እናገኘዋለን። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሜትር የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው፤ በጫካ ውስጥ ከሆነ ግን ከዚያም አልፎ ትንሽ ዛፍ ሊሆን ይችላል።

ቅጠሉ በአንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ በተደረደሩ ትንንሽ ቅጠሎች የተሠራ ነው። የትንንሾቹ ቅጠሎች ጠርዝ ለስላሳ ነው፤ እንደ መጋዝ ጥርስ የለውም። አበባው እንደ አተር አበባ ያለ ቅርጽ አለው፤ ብዙ አበባ በአንድ ዘለላ ላይ ሆኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ዘሩ ያለው እንደ አተር እሸት በሚመስል፣ ግን ስስና ጠፍጣፋ በሆነ ልባስ ውስጥ ነው። ልባሱ ሲደርቅ እንደ ወረቀት ይሆናል፤ በአንደኛው ጠርዙም ጠባብ ክንፍ የመሰለ ነገር ይታይበታል።

ስለ ድግጣ ማወቅ ያለብን አንድ ዋና ነገር ቅጠሉን የሚያራግፍ መሆኑ ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ደረቅ በሆነ ቦታ ግን በበጋ ቅጠሉን በከፊል ወይም በሙሉ ይጥላል። ይህን የሚያደርገው ውሃ ለመቆጠብ ነው። ተክል ከሥሩ የሳበውን ውሃ አብዛኛውን የሚያጣው በቅጠሉ በኩል በትነት ነው፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ትነቱ ይቀንሳል። ይህን የማያውቅ ሰው በየካቲት እርቃኑን የቆመ ችግኝ ሲያይ «ሞቷል» ብሎ ይነቅለዋል፤ ወይም ውሃ ማጠጣቱን ያቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከግንዱ ላይ በጥፍራችን ትንሽ ልጣጭ እንፋቅ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ተክሉ በሕይወት አለ። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ወደ ታች ወርደን እንደገና እንፋቅ። አናቱ ደርቆ ሥሩ ደህና የሆነ ችግኝ ዝናብ ሲያገኝ ከታች ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

2. ከሌሎች ባለ ቢጫ አበባዎች እንለየው

ቢጫ አበባ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን አደይ አበባ ነው። አደይ ግን በክረምት በቅሎ በመስከረም የሚያብብና ወዲያው የሚደርቅ እንጂ ቁጥቋጦ አይደለም። ከድግጣ ጋር በእውነት የሚምታቱት የሚከተሉት ናቸው፦

ቴኮማ፦ በከተማ ግቢዎችና በመንገድ አካፋዮች በብዛት የሚታይ ሲሆን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። አበባው እንደ ጡሩምባ ረዘም ብሎ አፉ የተከፈተ ነው፤ የቅጠሉ ጠርዝም እንደ መጋዝ ጥርስ ነው።

የሴና ዝርያዎች፦ ከእነዚህ መካከል በአንዳንድ ቦታ «የፈረንጅ ድግጣ» የሚባልም አለ። ቅጠላቸው ድግጣን ይመስላል፤ አበባቸው ግን እንደ አተር አበባ አይደለም፤ አምስቱ የአበባ ቅጠሎች ተቀራራቢ መጠን ኖሯቸው እንደ ትንሽ ሲኒ ይከፈታሉ።

ሰስባኒያ፦ ለከብት መኖ የሚተከል ነው። የአበባው ቅርጽ ለድግጣ ቅርብ ነው፤ የዘሩ ልባስ ግን እንደ ገመድ ቀጭንና ረጅም ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ የግድ ነው። ሰስባኒያ መስሎት ድግጣን ቆርጦ ለከብት የሚያቀርብ ሰው ከብቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ዘር ከመልቀማችን በፊት ሁለት ነገሮችን አብረን እንይ፤ አበባውንና የዘሩን ልባስ። አንዱን ብቻ አይቶ መወሰን አያስተማምንም።

3. ለምን ድግጣን እንምረጥ?

አንደኛ፣ አገር በቀል ነው። ከእኛ ዝናብና ከእኛ በጋ ጋር የተላመደ ስለሆነ ሥር ከሰደደ በኋላ ብዙ ውሃ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ንቦች ይወዱታል። አበባው ለንብ ቀሰም ስለሚሰጥ በአገራችን ከሚታወቁ የንብ ዕፅዋት አንዱ ነው። በቁርኣን ውስጥ 16ኛው ሱራ በንብ ስም መጠራቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ የንብ መኖ የሚሆን ተክል ማሳደግ የዚያን ፍጡር ነገር በተግባር ማሰብ ነው።

ሦስተኛ፣ አፈር ይጠቅማል። እንደ ባቄላ ሁሉ በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳል። የሚረግፈው ቅጠልም አፈሩን ያዳብራል። ስለዚህ በተጎዳና በተራቆተ መሬት ላይ ጥሩ ጀማሪ ነው።

አራተኛ፣ ከብትና ፍየል ብዙም ስለማይደፍሩት አጥር ለመሆን ይመቻል። በግጦሽ በተራቆተ ቦታ ድግጣ ብቻውን ቆሞ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንዶቻችን «ፍሬው የማይበላ ተክል መትከል ምን አጅር አለው?» ብለን እንጠይቅ ይሆናል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ፣ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ነገር ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢመገብለት ለእርሱ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። የድግጣን ዘር ሰው አይበላም፤ ንብ ግን ከአበባው ትቀስማለች፣ ማሩንም ሰው ይበላል። የአላህ እዝነት ሰፊ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ንያችንን ማስተካከልና ሥራውን በአግባቡ መሥራት ነው።

4. ጥንቃቄ፦ መርዛማነቱ

ይህን ክፍል ማንም ሳያነብ እንዳያልፍ አደራ እንላለን።

በድግጣ ውስጥ፣ በተለይም በዘሩ ውስጥ፣ አልካሎይድ የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሕዝባችን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ቅጠሉን ቅማልንና መዥገርን ለማጥፋት፣ በጎተራ ያለ እህልን ከነቀዝ ለመከላከል ሲጠቀምበት ኖሯል። በደቡብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች ለከብቶቻቸው መዥገር የሚጠቀሙበትን ልማድ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ፈትሸው፣ ከቅጠሉ የተዘጋጀው ውህድ መዥገርን እንደሚገድል ወይም እንደሚያዳክም አይተዋል። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ተቀጥቅጦ ወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ለማደንዘዝ ይጠቀሙበታል። ይህኛው ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ የሚፈጅ፣ ከታች ያለውን የውሃ ተጠቃሚ የሚያሰጋ ጎጂ ተግባር ነው።

ከዚህ በመነሳት ልንጠብቃቸው የሚገቡ ነጥቦች፦

ሀ) ሕፃናት ቁርኣን በሚቀሩበት መድረሳ አጠገብ፣ በመጫወቻቸውና በመመላለሻቸው ላይ አንትከል። ልጆች የደረቀውን ልባስ እየፈለፈሉ መጫወት ይወዳሉ፤ ዘሩንም ወደ አፋቸው ሊወስዱት ይችላሉ። መስጂዱ ግቢ ውስጥ መድረሳ ካለ፣ ድግጣውን ልጆች በማይደርሱበት በውጭው አጥር በኩል እናድርገው፤ የሚመች ቦታ ከሌለ ሌላ ተክል እንምረጥ።

ለ) ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ ዳር እናርቀው።

ሐ) እንደ መድኃኒት ቀቅሎ መጠጣት ወይም ለሌላ መስጠት አይገባም። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። የጤና ተማሪ የሆናችሁ እህትና ወንድሞች ይህን በየቤተሰባችሁ ብታስረዱ ትልቅ አገልግሎት ነው።

መ) ተክሉን ከነካን በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ለመከርከም ጓንት እናድርግ፤ የተከረከመውን ለከብት አናቅርብ።

ሠ) ሰው ዘሩን ከበላ ጊዜ ሳናጠፋ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። የተክሉን ቅርንጫፍ ወይም ዘሩን ይዘን ብንሄድ ለሐኪሙ ይረዳል። በግድ እንዲያስታውክ ማድረግ ሌላ ጉዳት ስለሚያመጣ አናድርገው።

በእስልምና ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት ትልቅ መርሕ ነው። መልካም አስቦ መትከል ብቻ አይበቃም፤ የተከልነው ነገር የጎረቤት ልጅ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ መጠበቅም የሥራው አካል ነው።

5. ከዘር እስከ ችግኝ (ከየካቲት እስከ ሰኔ)

ለእኛ ለተማሪዎች የድግጣ የጊዜ ሰሌዳ ይመቻል። ዘሩን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ እንዘራለን፣ ለዕረፍት ከመሄዳችን በፊት እንተክላለን፣ እኛ በሌለንበት ክረምቱ ያጠጣዋል፣ ስንመለስ የበጋውን እንክብካቤ እንረከባለን።

ዘር መልቀም፦ ልባሱ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ከጤነኛ ተክል እንልቀም። ከአንድ ተክል ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ ተክሎች ብንለቅም ይመረጣል። በነፍሳት የተበሳውን ዘር እንጣለው። የቀረውን በወረቀት ከረጢት አድርገን፣ «መርዝ፣ የማይበላ» ብለን ጽፈንበት፣ ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ እናስቀምጥ።

ማለስለስ፦ የዘሩ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አያስገባም። ውሃ አፍልተን ከእሳት ካወረድን በኋላ ጥቂት ሲበርድ በዘሩ ላይ እናፍስስና እስከ ማግስቱ እንተወው። ያበጡትን እንዝራ፤ ያላበጡትን እንደገና እንዘፍዝፍ። ለዚህ የተጠቀምንበትን ዕቃ ለምግብ መልሰን አንጠቀምበት።

መዝራት፦ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለን በችግኝ ፕላስቲክ እንሙላ። ፕላስቲኩ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዘር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀብረን ውሃ እናጠጣ። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን እንንቀል።

ማሳደግ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጠራራ ፀሐይ የሚከልል ቀለል ያለ ጥላ ያስፈልጋል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ለመትከል አንድ ወር ያህል ሲቀረው ጥላውን ቀስ በቀስ እናንሳ፣ ውሃውንም እንቀንስ። እንዲህ የጠነከረ ችግኝ በሜዳ ላይ አይደነግጥም።

6. ተከላ (በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ)

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የመስጂድ መሬት ወቅፍ ነው፤ የመስጂዱን ኮሚቴ ሳናስፈቅድ አንድ ጉድጓድ እንኳ አንቆፍርም። ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ ደግሞ አከራያችንን እንጠይቅ። ስንጠይቅም ተክሉ መርዛማ መሆኑን አንደብቅ፤ ግልጽ ማድረግ የአማና ጉዳይ ነው።

ፀሐይ በደንብ የሚያገኝና ውሃ የማይተኛበት ቦታ እንምረጥ። ጉድጓዱ በስፋትም በጥልቀትም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ስንቆፍር የላዩን ለም አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ እናድርግ። ለም አፈሩን ከብስባሽ ጋር ቀላቅለን ወደ ጉድጓዱ እንመልስ። ፕላስቲኩን ቀደን እናውጣው፤ ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ችግኙን ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ልክ እናቁመው፣ በዙሪያው ያለውን አፈር በእግራችን ጠቅጠቅ እናድርግ፣ ዝናብ ቢኖርም ውሃ እናጠጣው። ለአጥር ከሆነ በየ1 ሜትሩ፣ ለውበት ለየብቻ ከሆነ በየ3 ሜትሩ መትከል ይበቃል። የቆሻሻ ፕላስቲኩን ሰብስበን ይዘን እንውጣ።

7. የበጋው አማና (ከጥቅምት እስከ ግንቦት)

ችግኙን ከሞት የሚያድነው ይህ ክፍል ነው። በመስከረም መጨረሻ በዙሪያው አርመን ደረቅ ሣር እናልብሰው፤ ሣሩ ግንዱን አይንካ። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው በጋ ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት አንድ ጊዜ 5 ሊትር ያህል ውሃ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ እናጠጣ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹን በስተን አጠገቡ ብንተክል ሥራውን ያቀልልናል።

ውሃ ከየት? ከውዱእ። የውዱእ ውሃ ሳሙና ስለሌለበት ለተክል ይስማማል። ሃያ ሰው ለአንድ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ እያንዳንዱ 5 ሊትር ቢጠቀም 100 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ለሃያ ችግኝ የሳምንት ቀለብ ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተጋጥሞ በሚይዘው ያህል ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸውን አንርሳ። ስለዚህ «ለተክሉ ነው» ብለን ቧንቧ አንክፈት፤ የወረደውን እንሰብስብ እንጂ እንዲወርድ አናባክን።

በሁለተኛው በጋ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ማጠጣት ይበቃል። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ በአብዛኛው ራሱን ይችላል። አበባውንም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ማየት እንጀምራለን፤ ወቅቱ እንደ አካባቢው ይለያያል። አጥር እንዲሆን የምንፈልገውን ግማሽ ሜትር ሲሞላ ጫፉን እንቁረጠው፤ ያን ጊዜ ከጎን ያቆጠቁጣል። ዋናው መከርከሚያ ጊዜ ግን አበባው እንደ ረገፈ፣ የዘሩ ልባስ ከመድረቁ በፊት ነው። በዚህ ጊዜ መከርከም ሁለት ጥቅም አለው፦ ተክሉ ቅርጽ ይይዛል፣ መርዛማው ዘርም መሬት ላይ አይበተንም።

8. ማን ይረከበዋል?

ድግጣ ሥር ለመስደድ ሁለት በጋ ያስፈልገዋል። የአራተኛ ዓመት ተማሪ የተከለውን ሲያብብ ሳያየው ሊመረቅ ይችላል። ስለዚህ በጀመዓችን ሁለት ልማዶች ቢኖሩን እንመክራለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ችግኝ ከሁለት የተለያዩ ባቾች ሁለት ኃላፊዎች ይኑሩት፤ አንዱ ቢመረቅ ሌላው ይቀራል። ሁለተኛ፣ በርክክብ ቀን ችግኙ ያለበት ቦታ፣ የተተከለበት ወር፣ የማጠጫው ተራና «መርዛማ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ በአንድ ደብተር ተጽፎ ለሚተኩት ይሰጥ። አሥር ችግኝ ተክሎ አሥሩንም ማሳደግ፣ መቶ ተክሎ ዘጠናውን በበጋ ከማጣት ይበልጣል።

ለሐለቃ ውይይት

1. በመስጂዳችን ግቢ ድግጣ ለመትከል የሚመችና የማይመች ቦታ የትኛው ነው? ለምን?
2. በየካቲት ቅጠሉ የረገፈ ችግኝ ብናይ መኖሩንና መሞቱን እንዴት እናረጋግጣለን?
3. የውዱእ ውሃን ለመሰብሰብ በቀላል ወጪ ምን መሥራት እንችላለን?
4. ባለፉት ክረምቶች የተተከሉ ችግኞች ስንቶቹ በሕይወት አሉ? ሄደን እንቁጠርና አዲስ ከመትከላችን በፊት ለእነሱ ኃላፊ እንመድብ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን ኢኽላስ የተላበሰ፣ ጥቅሙም ከእኛ በኋላ የሚቀጥል ያድርግልን።